የደጃች ዓለማየሁ ምስል፤ ፊቱና ከግርጌው የተጻፈው

በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ከእንግሊዝ አገር በስተደቡብ፣ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ፣ ፍሬሽዋተር በተባለች የባሕር ዳር መንደር አንድ የሰባት ዓመት ኢትዮጵያዊ ሕፃን ከፎቶግራፍ መሣሪያ ፊት ቀርቦ ነበር። ሕፃኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ደጃች ዓለማየሁ ነው። ምስሉን ያነሣችው እንግሊዛዊት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ አልፏል። ምስሉ በመጻሕፍትና በኤግዚቢሽን አዳራሾች ሲባዛ ኖሮ፣ ዛሬ ዓለማየሁ ሲባል ከብዙ ሰው ልቡና የሚመጣው ያ ፊት ሆኗል።

ለአባቱ እንዲህ ያለ ነገር አልተረፈም። የዐፄ ቴዎድሮስ ለመሆኑ የተረጋገጠ አንድም ፎቶግራፍ የለም። መልካቸው የሚታወቀው በእጅ ሥዕል ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሆኖ ከእንግሊዝ ዘመቻ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ መቅደላ ላይ አስከሬናቸውን አይቶ የነደፈው ነው። ስለዚህ የቋራው ካሣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ለማየት የሚጓጓ ሁሉ የልጃቸውን ፊት ይመረምራል። ምስሉ ከተሸከመው በላይ ብዙ ሸክም የተጫነበትም በዚህ ምክንያት ነው።

በምስሉ ላይ የሚታየው ጥቂት ነው። ሕፃኑ የአገሩን ልብስ ለብሷል፤ በአንገቱ ላይ ጌጥ አለ፤ ዓይኖቹ መሣሪያውን አይመለከቱም። ያየው ሰው ሁሉ የሚለው ደግሞ አንድ ነው፦ «ሐዘኑ ከፊቱ ላይ ይነበባል»። እንግሊዞቹም በዘመናቸው እንዲህ ብለዋል፣ ኢትዮጵያውያንም ዛሬ እንዲህ ይላሉ። ይህ ንባብ እውነትነት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሐዘኑ የሚነበበው በእርግጥ ከፊቱ ነውን? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ምስሉ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1815 በካልካታ የተወለደች፣ የፎቶግራፍ መሣሪያ በእጇ የገባላት ግን በአርባ ስምንት ዓመቷ የሆነ ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣው ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ በተቀባ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነው። ፈሳሹ ሳይደርቅ ሰሌዳው ከመሣሪያው ውስጥ ይገባል፣ ብርሃን ይቀበላል፣ ወዲያውም በጨለማ ክፍል ውስጥ ይታጠባል። ከዚያ በእንቁላል ነጭ በተዘጋጀ ወረቀት ላይ በፀሐይ ብርሃን ይታተማል። የካሜሮን ሰሌዳዎች ትላልቆች ስለነበሩና ብርሃኑንም ታደበዝዘው ስለነበር፣ ከፊቷ የተቀመጠ ሰው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው ፈገግታን ይዞ ሊቆይ አይችልም፤ ጉንጩ ይረግባል፣ ዓይኑም ከአንድ ስፍራ ላይ ይተከላል።

ከዚህም በላይ ያ ሰሌዳ ቀለምን እንደ ሰው ዓይን አያይም ነበር። ሰማያዊውን እንደ ነጭ፣ ቀዩንና ቢጫውን እንደ ጥቁር አድርጎ ይቀበላል። ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ልብስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ጥቁር ጥለት ያለው ሆኖ ይወጣል። የጠይም ሰው ፊትም ከእውነተኛው መልኩ ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። እንግዲህ ከወረቀቱ ላይ ያለው የዓለማየሁ መልክ፣ እናቱ ታውቀው የነበረው መልክ እንዳለ ሆኖ አይደለም። የኬሚካሉ ጠባይ የራሱን ድርሻ ጨምሮበታል።

የካሜሮን ምርጫም ሌላ ድርሻ አለው። በዚያው በ1868 በጋ ታላቁ የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን በፍሬሽዋተር ከርሟል፤ እርሱንም አንሥታዋለች። ጎረቤቷን ገጣሚውን ቴኒሰንን ደጋግማ አንሥታዋለች። የእነዚህ ሰዎች ፊቶች በሙሉ ከጥላ ውስጥ የሚወጡ፣ የተከዙና ከብደው የሚታዩ ናቸው። ዳርዊን ግን ከዙፋን ቤት የተማረከ ወይም ወላጆቹን በዚያ ዓመት የቀበረ አልነበረም። ትካዜው የካሜሮን የአሠራር ስልት ነው። ስለዚህ የዓለማየሁ ፊት ብቻውን ስለ ሐዘኑ ምስክር ሊሆን አይበቃም፤ ደስተኛ ሕፃንም በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ምናልባት ተክዞ ይወጣ ነበር።

ታዲያ የሐዘኑ ምስክር ወዴት አለ? ከምስሉ ላይ ሳይሆን ምስሉ ከተነሣበት ቀን ላይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጥሎ ወደ ሰሜን ሲመለስ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤና ልጃቸው አብረው ተጓዙ። እቴጌዪቱ ታመው ነበርና ወር ያህል እንደተጓዙ፣ በግንቦት 8 ቀን፣ ከጦሩ ሠፈር ውስጥ ዐረፉ፤ በትግራይም በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጁ ከዚያ ወደ ዙላ ወደብ ተወሰደ፣ መርከብ ተሳፈረ፣ በሐምሌ መጀመሪያም እንግሊዝ አገር ደረሰ። በጎንደርና በስሜን ወግ የሟች አርባና ሰማንያ የሚታሰብ፣ ተዝካር የሚወጣበት፣ ዘመድ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። የጥሩወርቅ አርባ የዋለው ልጃቸው በባሕር መንገድ ላይ ሳለ ነው። ሰማንያው ገና አልደረሰም። ምስሉ የተነሣው እንግዲህ በእናቱ አርባና ሰማንያ መካከል ነው።

ይህን የሚያውቅ የጎንደር ሰው በምስሉ ላይ ዓይኑ የሚያርፈው ከፊቱ ይልቅ ከአንገቱ ጌጥ ላይ ነው። በአገሩ ወግ ሐዘንተኛ ጌጥ ያወልቃል፣ ጠጉሩን ይላጫል፣ ነጩን ልብስ ያቆሽሻል ወይም በጥቁር ይለውጣል፤ እናቱ የሞተችበት ሕፃንም ከዘመድ ጉያ አይወጣም። የእንግሊዝ ተመልካች ጌጡን አይቶ «ልዑል ነው» ይላል። የጎንደር ተመልካች ግን በዚያ ቀን ጌጥ ያደረገለት ሰው ወጉን ያላወቀ ወይም ያልጠየቀ መሆኑን ይረዳል። ፊቱ የሚናገረው አጠራጣሪ ሊሆን ይችላል፤ በጌጡና በቀኑ መካከል ያለው አለመስማማት ግን አያጠራጥርም። ልጁ ሐዘን ሊቀመጥ በሚገባው ጊዜ ለምስል ተቀምጧል።

አሁን ከምስሉ ግርጌ ወደተጻፈው እንምጣ። ካሜሮን ሥራዎቿን በሎንዶን በኮልናጊ ቤት በኩል ትሸጥ ስለነበር ለየምስሉ ርእስ ትሰጥ ነበር። የዚህኛው ርእስ «ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ይላል። ከካፒቴን ስፒዲ ጋር የተነሣው ሌላ ምስል ደግሞ የሁለቱንም ስም ይዟል፤ ስፒዲም በዚያ «ባሻ ፈለቀ» ተብሏል። ትሪስትራም ስፒዲ ቀደም ሲል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ወታደር ያሠለጠነ፣ አማርኛም የሚናገር ሰው ነበር። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር ጦር አስተርጓሚ ሆኖ ተመለሰ፣ ከዚያም የሕፃኑ ሞግዚት ሆነ። በካሜሮን ምስሎች ላይ ይህ እጅግ ረጅም እንግሊዛዊ የኢትዮጵያ ጦረኛ ልብስ ለብሶ ይታያል። በዘመቻው ድል የነሣው ወገን በተሸናፊው ልብስ አጊጦ፣ የተሸናፊውን ልጅ ይዞ ቆመ ማለት ነው። ስፒዲ ሕፃኑን እንደሚወደው ብዙዎች መስክረዋል፤ ሕፃኑም ከእርሱ መለየት አይወድም ነበር። ፍቅሩ እውነት መሆኑ ግን ምስሉ ያሳየውን የኀይል ሚዛን አይለውጠውም።

በእነዚህ ርእሶች ሁሉ አንድ ስም ይጎድላል። አባት አለ፣ ሞግዚትም አለ፤ እናት የለችም። ይህ መጉደል ለእንግሊዝ አንባቢ ምንም አይደለም፤ የዘመኑ ጋዜጣ የሚያውቀው «ንጉሥ ቴዎድሮስ»ን ነውና። ለሰሜን ጎንደር ደጋ ሰው ግን የምስሉን ግማሽ ቆርጦ እንደመጣል ነው። እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኀይለ ማርያም ልጅ ነበሩ። ውቤ በስሜን በደረስጌ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ በእርሷ ውስጥ ዘውድ ሊጭኑ አስበው ነበር። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ በደረስጌ አጠገብ ውቤን ድል ነሡ። በሁለተኛው ቀን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ታሰሩ፤ ከእስራቸውም ሳይወጡ ሞቱ። እቴጌ ተዋበች ካረፉ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የእስረኛውን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ዓለማየሁ እንግዲህ የቋራና የስሜን፣ የድል አድራጊውና የተሸናፊው ደም ተገናኝቶ የተወለደ ልጅ ነው። የእናቱ ስም ሲጎድል ይህ ሁሉ ታሪክ አብሮ ይጎድላል።

በጎንደር የሥዕል ባህል ስም ያለ ምክንያት አይጎድልም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳና በብራናዎቹ ላይ ሠዓሊው ሥዕሉን ሣለ ማለት ብቻ አይበቃውም፤ «ዘከመ» ብሎ ጀምሮ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከአጠገቡ ይጽፋል። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ፣ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ተመልካቹ ንግሥቲቱ ማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደተደፉ፣ ማንን እንደተማፀኑ ያውቃል። በዚህ ባህል ደጋጎች ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ክፉዎች በጎን ሆነው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ሰው አይቷቸው ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠም ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ዓይኖቻቸውን ገልጠው ወደ ታች ይመለከታሉ። በዚያ ቤት የሚታየው ሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ የገባውም ሰው ይታያል። ፎቶግራፍ ይህን ሥርዓት ገለበጠው፤ የተነሣው ሰው ይታያል እንጂ አያይም፤ ተመልካቹም ሳይታይ እስኪጠግብ ያያል።

ይህ ጥያቄ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ምስል ብቻ ጥያቄ አይደለም። የፎቶግራፍ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ በይፋ በተነገረ በጥቂት ወራት ውስጥ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። በዚያው ዓመት በፊላዴልፊያ ሮበርት ኮርኔሊየስ የተባለ ሰው መሣሪያውን አቁሞ የራሱን ምስል ራሱ አነሣ፤ በአሜሪካ ከቀደሙት የሰው ምስሎች አንዱ ይኸው ነው። በ1850 ግን በደቡብ ካሮላይና ኮሎምቢያ ከተማ ሬንቲ የተባለ አፍሪካዊ ባሪያና ልጁ ዴሊያ ከሌሎች ባሮች ጋር ልብሳቸውን ተገፈው ተነሡ። ያሠራው የሃርቫርዱ ሊቅ ሉዊ አጋሲ ሲሆን፣ ዓላማው የጥቁር ሰው ዘር ከነጩ የተለየ ነው የሚለውን አሳቡን ማስረዳት ነበር። እነዚህ ምስሎች ለብዙ ዘመን ተረስተው ቆይተው በ1976 በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ውስጥ ተገኙ። የሬንቲ ዘር ነኝ ያለች ሴት ከ2019 ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተሟገተች፤ በ2025 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ፤ ምስሎቹም በደቡብ ካሮላይና ወደሚገኝ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እንዲተላለፉ ተወሰነ።

በዚያው ዘመን ከባርነት አምልጦ የወጣው ፍሬዴሪክ ዳግላስ ሌላ መንገድ ያዘ። ከመቶ ስድሳ ያላነሱ ምስሎቹ ይታወቃሉ፤ በዘመኑ ከአሜሪካውያን ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው እርሱ እንደሆነ ይነገራል። ልብሱን መርጦ፣ ፊቱን አክብዶ፣ ዓይኑን አጥብቆ ከመሣሪያው ፊት ይቆም ነበር። ባሪያ ጥርሱን እየገለጠ የሚስቅ ፍጡር ነው የሚለውን የነጮች ሥዕል በራሱ ፊት ሊያፈርስ ፈልጎ ነው። እንግዲህ ኮርኔሊየስ ራሱን አነሣ፤ ሬንቲ ተገዶ ተነሣ፤ ዳግላስ ፈቅዶ ተነሣ። ዓለማየሁ ከሦስቱም አይደለም። አልተገፈፈም፣ አልተዋረደም፤ እንዲያውም በክብርና በርኅራኄ ተነሥቷል። ሆኖም የተጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠየቅስ በሰባት ዓመቱ፣ በማያውቀው አገር፣ ምን ብሎ ሊመልስ ይችል ነበር?

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ለምስሉ ሌላ የግርጌ ጽሑፍ ተሰጥቶታል፤ «በባዕድ የተዘረፈ የአገር ልጅ» የሚል ነው። ከመቅደላ የተወሰደው ብዙ ነውና ይህ ጽሑፍ መሠረት አለው። ምርኮው በአሥራ አምስት ዝሆኖችና በሁለት መቶ ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጧል። ሪቻርድ ሆምስ ከንጉሡ መኖሪያ ያገኘው ኩርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚዘምቱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 በስናር ሰዎች እጅ ተማርኮ በቤዛ ተመልሷል፤ ከመቅደላ ከወጣ ወዲህ ግን አልተመለሰም። ዛሬ በፖርቱጋል አገር ይገኛል፤ የጎንደር ሰውም እንደ ዓለማየሁ በፎቶግራፉ ብቻ ያየዋል።

ይሁን እንጂ የታሪክ ሰው ለራሱ ወገን ሲሆን ሚዛኑን ማጓደል አይገባውም። ኩርዓተ ርእሱና ብዙዎቹ ብራናዎች መቅደላ የደረሱት ከጎንደር ተወስደው ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለዋል። የተማረከ ልጅም ዓለማየሁ የመጀመሪያው አልነበረም። የሸዋው ንጉሥ የኀይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ተወስደው፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ እስኪያመልጡ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ኖረዋል። ልዩነቱ ምኒልክ በአገራቸው ቋንቋ ያደጉና ወደ ወገናቸው ሊመለሱ የቻሉ መሆናቸው ነው። ለዓለማየሁ የመመለሻው መንገድ ባሕር ነበር። ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ሕፃኑን ለእንግሊዝ ርኅራኄም ሆነ ለአገር ቁጭት ምልክት ብቻ አድርጎ አያየውም።

ከዚያ በኋላ የተነሡት ምስሎች ዓለማየሁን በአውሮፓ ልብስ ያሳያሉ። ከስፒዲ ጋር ወደ ሕንድ ሄደ፤ ተመልሶም በቼልተንሃም፣ በራግቢ፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በሊድስ ከተማ አጠገብ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ዓመት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻዋ ላይ፣ በባዕድ አገር ዘመድ አልባ ሆኖ መሞቱንና በሕይወቱም ሰዎች በመልኩ ምክንያት አተኩረው ያዩኛል ብሎ ይጨነቅ እንደነበር ጽፋለች። ከፍሬሽዋተር የጀመረው መታየት እስከ ሞቱ ተከትሎታል ማለት ነው። በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ2007 ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቀዋል። በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። በዚያው ዓመት ከስፒዲ ቤተ ሰብ የተገኘ የጠጉሩ ቁራጭ ለኢትዮጵያውያን ተሰጥቷል።

ዐፅሙ የሚመለስበትን ቀን ለመወሰን የጎንደር ሰው ሥልጣን የለውም። ከምስሉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ለማሟላት ግን የዊንዘር ፈቃድ አያስፈልገውም። ፎቶግራፉ ፊትን ይዞ ያቆያል፤ ያ ፊት የማን እንደሆነና በዚያ ቀን ምን ደርሶበት እንደነበር የሚነግረው ከውጭ የሚጻፈው ቃል ነው። የጥንት የጎንደር ሠዓሊ ይህ ምስል በእጁ ቢገባ ኖሮ በሥርዓቱ መሠረት ከአጠገቡ የሚጽፈው ምናልባት ይህን ነበር፦ «ዘከመ ተፄወወ ዓለማየሁ ወልደ ጥሩወርቅ»፤ የጥሩወርቅ ልጅ ዓለማየሁ እንደተማረከ።